ሳይተነፍሱ ይቁጠሩልኝ

በሽታው በገባበት ዓመት እናቴ ከሥራ የተባረረች መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ እየተጣደፈች የምትወጣ ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከምግብ ጠረጴዛችን ጋር ተጣብቃ ቀረች። እኔም ትምህርት ቤት ተዘግቶብኝ ቤት መዋል ጀምሬ ነበርና ሁለታችንም አጥፍተን የተቀጣን መሰለኝ። የራሴን ጥፋት ለመገመት ብዙ አልተቸገርኩም፤ አንድ ሁለት ተብሎ የሚያልቅ አልነበረም። የእሷን ግን ማንም አልነገረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የክትትል ሠራተኞቹን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አጭቆ ስልክ ሲያስደውል ሁለቱ ታመሙ። ኃላፊው የቀሩትን አንዳንድ ስልክ አስይዞ በየቤታቸው በተናቸው። ቀጭን፣ ችኩል ሰው ነበር፤ የሚነግሩትን ሳያስጨርስ «እሺ፣ ቀጥዪ» ስለሚል እኛ ቤት ስሙ አቶ ቀጥል ነው። የእናቴ ሥራ በየቤታቸው ተለይተው የተቀመጡ በሽተኞችን ጠዋትና ማታ እየደወለች መጠየቅ ነበር። ትኩሳት አለ? ምግብ ይበላሉ? አብሮዎት ማን አለ? መጨረሻ ላይ ያቺ ቆጠራ ትመጣለች።

«አሁን አየር በደንብ ይሳቡ። ከዚያ ሳይተነፍሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩልኝ።»

እጇ እንዲፈታላት ብላ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ነው የምታስቀምጠው። ስለዚህ የማላውቃቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ሲቆጥሩ ይውላሉ። የጎረነነ ድምፅ አለ፣ ሲጋራ የበላው አለ፣ እየሳቀ የሚቆጥር አለ። ሃያን አልፎ የሚጋልብ ሲገኝ እናቴ «ጎበዝ! ይሄን ሳንባ ለእኔ ያበድሩኝ» ትላለች። አንዳንዱ ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቆረጣል፤ ከዚያ የሚሰማው ማለክለክ ብቻ ነው። ያኔ የእናቴ ድምፅ ይለሰልሳል። እናቴ ስትለሰልስ ደግሞ እኔ እፈራለሁ፤ ከዚያ በፊት የለሰለሰችልኝ መርፌ ልታስወጋኝ ስትወስደኝ ነበር።

«መኪና እልክልዎታለሁ» ትላለች። «አይፍሩ፤ የሕክምና ማዕከሉ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ።»

እኔ እንደ ውድድር ነበር የተረዳሁት። ብዙ የቆጠረ ቤቱ ይቀራል፤ ትንሽ የቆጠረ ይወሰዳል። መኪናውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነጭ ነው። ከእኛ ትይዩ የሚኖረውን ጫማ ሰፊ ሊወስዱ ሲመጡ ከውስጡ የወረዱት ሰዎች ከራስ እስከ እግር በላስቲክ የተጠቀለሉ ነበሩ፤ ፊት የላቸውም። ጫማ ሰፊው ከሄደ አልተመለሰም። መቁጠር የማይችል ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ፣ አዘንኩለትም።

አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። አልጋዋ ሳሎኑ ጥግ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ «ውስጥ አስተኝታችሁኝ እንዳትረሱኝ» ብላ ራሷ ናት ያስወጣችው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የመኪና መነሻ በድምፅ ማጉያ ስታስታውቅ ኖራለች። ማጉያው በተበላሸ ቀን በባዶ ድምፅዋ እንደሠራችና ተሳፋሪው ልዩነቱን እንዳላወቀ ስታወራ አፏን ሞልታ ነው። ያኔም ቢሆን ከአልጋዋ ሳትነሳ ከሦስተኛው ግቢ ጋር ሰላምታ ትለዋወጥ ነበር።

ውድድሩን ከእኔ ጋር የጀመረችውም እሷ ናት። እናቴ ሻይ ልትጠጣ ወደ ማድ ቤት ስትገባ አያቴ ድምፅዋን አስመስላ «አይጢት፣ አሁን አየር በደንብ ይሳቡ!» ትለኛለች። ቤት ውስጥ ስሜ አይጢት ነው፤ ምግብ ስለምሰርቅ። እኔ ሃያ ሳልደርስ ዓይኔ ይፈጥጣል። እሷ ሠላሳን አልፋ፣ ቅንድቧን እያነሳች ትሄዳለች።

«ይሄ ሳንባ ስንት አውቶቡስ እንዳስነሳ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች።

«እማ፣ ተይ በናትሽ፤ ይሄ ጨዋታ አይደለም» ትላለች እናቴ ከማድ ቤት። ግን ስትስቅ እሰማታለሁ።

እናቴ ማታ ማታ የሰዎቿን ጥሪ ስትጨርስ እኛንም ትፈትነን ጀመር። ትኩሳት ትለካናለች፣ ትጠይቀናለች፣ ታስቆጥረናለች። አያቴ ሁልጊዜ አንደኛ ናት፣ እኔ ሁለተኛ። እናቴ ራሷ አትቆጥርም ነበር፤ ይህም ለእኔ ትልቅ አድልዎ ነው።

አንድ ቀን አቶ ቀጥል መጣ። ግቢ አልገባም፤ እሱ ከበሩ ውጭ፣ እናቴ ከበሩ ውስጥ ሆነው ነው ያወሩት። እኔ በረንዳው ላይ የአበባ ቆርቆሮ የማጸዳ መስዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ኦክስጅኑስ?» አለች እናቴ።

«አልደረሰም። ድልድዩን ጎርፍ በልቶታል፤ መኪናው ከወዲያ ማዶ ቆሟል።»

«ማዕከሉ ውስጥ ስንት ሲሊንደር ቀረ?»

ጣቶቹን አነሳ፤ ብዙ ጣት አላነሳም።

«ታዲያ ሰዎቹን ምን ብዬ ነው የምልካቸው?»

«ከቤት ይለዩ። ቢያንስ ልጆቻቸውን አያሲዙም። የተገኘውን በየተራ እንሰጣለን፣ መኪናው እስኪመጣ።»

«እኔ እኮ ‹ሁሉም ነገር አለ› እያልኩ ነው።»

«ሌላ ምን ልትዪ ነው? እውነቱን ብትነግሪያቸው ማን ይመጣል? ቤት ተዘግቶባቸው ቤተሰቡን ይጨርሱታል።» ጭንብሉን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «እባክሽ፣ ቀጥዪ።»

ወደ ውስጥ ሮጬ ኦክስጅን ምን እንደሆነ አያቴን ጠየቅኋት። አየር ነው አለችኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ሰማዩ ሞልቶ ተርፏል። «እማማ፣ ሰውየው አየር አለቀብን እያለ ነው! በመኪና እየመጣለት ነው!» አልኳት። ኃላፊ የተባለ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ጅል መሆኑ ገርሞኝ ነበር። አያቴ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነ። ትራሷን አንስታ ፊቷን ቀበረችበት፤ ትከሻዋ እየዘለለ ትንሽ ቆየችና ቀና ስትል ዓይኗ ደም መስሏል።

«አቧራ ነው» አለችኝ። ከዚያ እናቴ ወዳለችበት ወደ በሩ አየች። «ውሃ አምጪልኝ። ዝም ብለሽ አምጪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ አጭበርባሪ ሆነች። አሥራ ምናምን ላይ ስትደርስ ሻርፗን የምታስተካክል መስላ አፏን ትሸፍንና ቀስ ብላ አየር ትስባለች፤ ድምፅዋን ሳታቋርጥ ቁጥሩን አንጠልጥላ ትቀጥላለች። ቀን እናቴ ግቢ ስትወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስትለማመድ አገኘኋት። ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር ላላ አድርጋ ነው የምትይዘው። ጥያቄዎቹን ደግሞ ስንት ቀን ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፤ እናቴ ሳትጨርስ ከአፏ ትነጥቃታለች። «ትኩሳት የለም፣ የደረት ውጋት የለም፣ ምግብ እንደ ጉድ።» ምግቡን እኔ ነኝ የምበላላት። ሾርባው፣ ዳቦው፣ እንቁላሉ፣ ሁሉም ከእናቴ ጀርባ ወደ እኔ ይመጣል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ጠግቤ አላውቅም።

«አጭበረበርሽ እኮ» አልኳት አንድ ቀን። ተከፍቼ ነበር፤ እኔ በሐቅ እየቆጠርኩ እሷ ታሸንፋለች።

«ዝም በይ!»

«ለምን ታጭበረብሪያለሽ?»

ወደ ራሷ ልትስበኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «ከተሸነፍኩ መኪናው ይመጣል። እንድሄድብሽ ትፈልጊያለሽ?»

ጫማ ሰፊው ታየኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አያቴ መቁጠር ስትጀምር እጄ ይልበኛል፤ አሥርን ስታልፍ ወንበር እጎትታለሁ ወይም ማንኪያ እጥላለሁ፣ ትንፋሽዋ እንዳይሰማ። እናቴ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። አያቴን ስታስቆጥርም ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር፤ የመንገዱ መብራት ላይ ይሁን ሌላ ነገር ላይ አላውቅም። የሌላውን ሰው ትንፋሽ ከስልክ ውስጥ አድና የምትይዝ ሴት ለገዛ እናቷ ጆሮ የላትም ብዬ በሆዴ ናቅኋት።

ሌላም ሌላም አደረገች። የእኔን ፍራሽ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደችው፤ «ስትተኚ ትራገጫለሽ» አለችኝ። ቤት ውስጥ ጭንብል ማድረግ ጀመረች፣ እኔንም አስደረገችኝ። አያቴን «ወገብሽን ልሽልሽ» እያለች በሆዷ ታስተኛታለች፤ አሽታ ስትጨርስም «ትንሽ እንዲህ ቆዪ» ትላታለች። በየሰዓቱ ግቢ ወጥታ ለአቶ ቀጥል ትደውላለች። «የት ደረሰ? ዛሬስ ይሻገራል?» ስትል እሰማለሁ። ከዚያ ስልኩን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆማ ትቀራለች። ስለ አየር ይህን ያህል ትጨነቃለች ብዬ በእሷም አፈርኩ።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ማድ ቤት ቆመን ሽንኩርት ስንልጥ፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ።

«የመጀመሪያዋን ቀን ነው የሰማኋት» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስሰማ የምውል ሰው የእናቴ ትንፋሽ ያመልጠኛል? አንቺ ደግሞ ማንኪያሽን እየጣልሽ ታደነቁሪኛለሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ወዴት ልላካት? ሲሊንደር እንደሌለ አውቃለሁ። የኦክስጅኑ መኪና በገባበት ሰዓት እልካታለሁ ብዬ ነበር። እስከዚያ ግን የሌላ ሰው እናት እልክ ነበር» አለችና ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠለች።

አያቴ እንዳትወሰድ ትዋሻለች፤ እናቴ እንዳትልካት የተታለለች ትመስላለች። እኔ በመሃላቸው ማንኪያ እጥላለሁ። ሦስታችንም በአንድ ሳሎን ውስጥ ያንን ነጭ መኪና ነበር የምንፈራው፤ ሁለቱ የፈሩት ሞትን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

ውድድሩ ያበቃው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ነበር፤ እናቴ ስልኩን ወደ ጥላው ገፋ አደረገችው። የምታናግረው ዳቦ ጋጋሪውን ነው፤ በትልቁ መንገድ ላይ ያለውን፣ ሰፈሩ በሙሉ ከእሱ የሚገዛውን። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነበር የሚኖረው። ቆጠራው በየቀኑ እያነሰ እንደመጣ እኔም አውቃለሁ፤ እየተሸነፈ ያለ ሰው ነው። አያቴ በጎኗ ተኝታለች። እኔ አልጋዋ ሥር ወለሉ ላይ ሆኜ የእሷን ሾርባ እጠጣለሁ።

«አምስት... ስድስት...» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ከዚያ የሆነ የሚያፏጭ ድምፅ መጣ።

«ይበቃል፣ ይበቃል» አለች እናቴ። «ስልኩን ለባለቤትዎ ይስጡልኝ።»

«አቤት እህቴ» አለች ሚስቱ።

«መኪና እልካለሁ። ዛሬውኑ መሄድ አለበት።»

«ሁሉ ነገር አለ ትዪኛለሽ መቼም።»

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ በፊት በዚህ ቦታ ላይ ዝም ብላ አታውቅም።

«የጎረቤታችን አባት ሄደው ተጠቅልለው ነው የመጡት። ፊታቸውን እንኳ አላሳዩንም» አለች ሴትየዋ። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «እዚያ ሄዶ ብቻውን ከሚሞትብኝ እዚሁ እጄ ላይ ይሁን። ልጆቹም ቢያዙ ይያዙ፣ ምን ላድርግ? በናትሽ እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የራስሽ እናት ብትሆን ትልኪያት ነበር?»

ማድ ቤት የማንቆርቆሪያው ክዳን ሲንጣጣ ይሰማኛል። እናቴ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሴትየዋ «ሃሎ? አለሽ?» አለች።

አያቴ ተነስታ ተቀመጠች። ልብሷን ልጎትታት ፈለግሁ፤ ተኚ፣ ይሰሙሻል ልላት። ሻርፗን ከአፏ ላይ ገፈፈችና አየር ሳበች፤ ደረቷ ውስጥ የሚያፏጨውን ከወለሉ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ያንን የመናኸሪያ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ልጄ! ትሰሚኛለሽ? እናቷ እኔ ነኝ! እኔንም ይዞኛል፤ እኔንም ዛሬ ነው የምትልከኝ። ያው መኪና ነው የሚወስደን። ባልሽን ቶሎ አዘጋጂልኝ! ካልሲ አልብሺው፣ እንዳይበርደው!»



«እውነት ነው?» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ።

እናቴ ከመስኮቱ ዞራ አያቴን አየቻት። ፊት ለፊት ስታያት ከስንት ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

«እውነት ነው» አለች። «እናቴ ናት። እልካታለሁ።»

«እንግዲያው ይምጡ» አለች ሴትየዋ፣ ስልኩም ተዘጋ።

አያቴ ትራሷ ላይ ወደቀች። ያች ጩኸት ያለ የሌለ ትንፋሽዋን ጨርሳባት ነበር፤ አፏ እየተከፈተ እየተዘጋ አየር ይፈልጋል። እናቴ ወንበሩን ገልብጣ ሮጠች፣ በሆዷ ገለበጠቻት፣ ጀርባዋን ደግፋ ያዘቻት።

«እማ፣ ምን አደረግሽኝ? ነገ ይሻገራል ብለውኛል እኮ! አንድ ቀን ነው የቀረን!»

አያቴ ለመመለስ ብዙ ቆየች። «ሰውየውስ... አንድ ቀን አለው?»

እናቴ ትራሱን አስተካከለችላት።

«የሰው ባል ልከሽ... እናትሽን ብትደብቂ... ነገ በየትኛው አፍሽ ስልክ ታነሺያለሽ?»

«ታውቂ ነበር? እንደማውቅብሽ ታውቂ ነበር?»

«መስኮቱን ስታዪ ነቃሁብሽ። ምን አለ መስኮቱ ላይ?» አለች አያቴ፣ ትራሱ ውስጥ እንደ መሳቅ አለች። እናቴ ግንባሯን አያቴ ጀርባ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አያቴ አሸንፋ ነበር። ማንም ሳይነካት፣ ጥያቄው እንኳ ሳይደርሳት፣ ለአንዲት የማታውቃት ሴት ብላ ራሷን አስያዘች። ሾርባውን ወለሉ ላይ ደፋሁት፣ የሚያየኝ ሰው ግን አልነበረም።

መኪናው ሲመጣ አቶ ቀጥል አብሮት መጣ። እሱም እንደሌሎቹ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር፤ በችኮላው ነው የለየሁት። በሩ ላይ ቆሞ እናቴን አያት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዛሬ» አለች እናቴ።

«ዛሬ ጠዋት» አለች አያቴ ከወንበሯ ላይ። «እንዲያውም ቁርስ ከበላሁ በኋላ።»

አቶ ቀጥል የሁለቱንም ፊት አየ። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ይመስል ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ «እሺ» አለ፤ ቀጥዪ አላለም።

ተሸክመው ሊወስዷት ሲሉ እምቢ አለች። በሁለት ሰው ተደግፋ፣ በየእርምጃው እየቆመች በእግሯ ወጣች። እኔ ጋ ስትደርስ አላቀፈችኝም፤ እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛኛለች። «አይጢት፣ ምግቤን ሁሉ የበላሽው አንቺ ነሽ። ወፍረሽ ጠብቂኝ» አለችኝ። የመኪናው በር ሲከፈት ውስጥ ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል። እግሩን አየሁ፤ ወፍራም ቡኒ ካልሲ አድርጓል።

«አንቺ ነሽ የላክሻት!» ብዬ ጮህኩ፣ የእናቴን እጅ ነከስኩት። እጇን አልሳበችም።

ከዚያ በኋላ የምንጠየቀው እኛ ሆንን። አቶ ቀጥል ራሱ ጠዋትና ማታ ይደውላል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆጥር ሰማኋት፤ ፈጠን ፈጠን አድርጋ፣ ሥራ እንዳለባት ሰው። ተራዬ ሲደርስ እኔ አራት ላይ ቆምኩና አለከለክሁ። ከተሸነፍኩ መኪናው ይወስደኛል፣ አያቴን አገኛታለሁ ብዬ ነው። አቶ ቀጥል ደንግጦ «አሁኑኑ እመጣለሁ!» ሲል እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ታታልላለች፤ ደህና ናት። ይሄ የቤታችን አመል ነው» አለችው። ማታ ከመኝታ ክፍሌ በር ወዲያ ሆና «ነገ በደንብ ካልቆጠርሽ ለእማማ እነግራታለሁ» አለችኝ። በማግስቱ ሃያ ሁለት ቆጠርኩ።

የኦክስጅኑ መኪና የገባው እነሱ በሄዱ በማግስቱ ነው። ለሁለቱም ደርሷቸዋል። ዳቦ ጋጋሪው ቀስ በቀስ ማገገም ጀመረ። አያቴም ሁለት ቀን የተሻላት መስላ ነበር። ቀደም ብላ ብትሄድ ትተርፍ ነበር ወይ ብላ እናቴ ሐኪሙን ስንት ጊዜ እንደጠየቀችው አላውቅም፤ ሁልጊዜም የሚላት «አላውቅም» ነበር። «ትተርፍ ነበር» ቢላት ኖሮ እናቴ ዛሬ ድረስ በሕይወት የምትኖር አይመስለኝም።

አንድ ጠዋት አቶ ቀጥል ከሰዓቱ ቀድሞ ደወለ። እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ግቢ ወጣችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ስትመለስ ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን አሰረች፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። መደወል ጀመረች። ትኩሳት አለ? ምግብ ይበላሉ? ያችው ድምፅ ናት። የሚገርም ነገር ስላላየሁ ወደ ጨዋታዬ ተመለስኩ። በኋላ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«ላስወጣው ነው» ትላለች። «ሌሊቱን ብዙ ሰው ሞቷል ሲሉ ሰማሁ። ልጆቹም አላስቆም አላስቀምጥ አሉኝ። ዛሬ ሄጄ አወጣዋለሁ።»

«ትንሽ ቀን ብቻ ታገሺ» አለች እናቴ። «እየተሻለው ነው። አሁን ከኦክስጅኑ ከተነቀለ ግን ቤት ሳይደርስ ይሞትብሻል።»

«እንዴት ልመንሽ?» አለችና ትንፋሽ ወሰደች ሴትየዋ። «እናትሽስ? እናትሽ እንዴት ናቸው?»

እናቴ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስቀመጠችው።

«ደህና ናት» አለች።

«እውነት?»

«ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት እንዲያውም ቁጭ ብላ ነርሶቹን ስታስቅ ነበር አሉ።»

«ተመስገን! ኧረ ተመስገን! በይ እንግዲያው ይቆይ፤ እኔም ከልጆቹ ጋር እጠብቃለሁ።»

እኔ ተነስቼ ዘለልኩ። ነርሶቹን ስታስቅ! ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ንጹሑን አንሶላ፣ ነጩን፣ እየጎተትኩ አወጣሁት። ፍራሿ ፀሐይ ላይ ከርሞ ተመልሶ አልጋው ላይ ባዶውን ተኝቶ ነበር። አንሶላው ከእኔ በላይ ነው፤ አንዱን ጠርዝ ስይዝ ሌላው ይወድቃል፣ ሌላውን ሳነሳ የመጀመሪያው ይሸሻል። «እማዬ፣ እማማ ልትመጣ ነው አይደል? ነርሶቹን ካሳቀች ልትመጣ ነው!» እላለሁ፣ እየሳቅሁ፣ አልጋውን እየዞርኩ።

አያቴ የሞተችው ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ዛሬም አለ፤ አርጅቷል፣ ምድጃውንም ለልጁ አስረክቧል። ሚስቱ ያን ቀን ስለተነገራት ነገር በኋላ ከእናቴ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲቆሙ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እናቴ ከጠረጴዛው ተነሳች። ሌላ የምትደውልላቸው ሰዎች እየጠበቋት ነበር። አልጋው ጋ መጣች፣ ከእኔ ትይዩ ቆመች፣ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ አነሳች።

«በደንብ ወጥረሽ ያዢልኝ» አለችኝ።